ምዕራፍ ሰባት፦ ለሁሉም የሚደርስ እጅጌ

የትምህርት ቤት ክበብ ወይም የሰፈር ማኅበር አንድ ዓይነት ልብስ ለማሠራት ሲሰበሰብ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀለሙና ከአርማው ነው። አንዱ አረንጓዴ ይሁን ይላል፣ ሌላው ሰማያዊ፤ ስልኩን አውጥቶ ያየውን ዲዛይን የሚያሳይም አይጠፋም። ክርክሩ ይረዝምና ሰው ለመሄድ ሲነሣ፣ ልኬቱ «ግማሹን ላርጅ፣ ግማሹን ሚዲየም እናድርገው» በሚል ግምት ያልቃል። ልብሱ በሚታደልበት ቀን ግን ስለ ቀለሙ የሚያነሣ ሰው የለም። ደረቷ ላይ የጠበባት እናት ልብሱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ እጅጌው ጣቱን አልፎ የተንጠለጠለበት የአራተኛ ክፍል ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲጠቀልለው ይውላል። ቡድኑ ፎቶ ሲነሣ ያቺ እናት «እኔ ላንሣችሁ» ብላ ካሜራውን ትይዛለች። አንድነታችንን ለማሳየት ያሠራነው ልብስ አንዷን ከመሀላችን አወጣት ማለት ነው። ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ አቋም አንድ ነው፤ ትእዛዝ የሚጀመረው ከስም ዝርዝር ነው። ቀለምና አርማ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ስለ እጀ ሙሉ ቲሸርት ለብቻው ምዕራፍ የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እጀ ጉርድ ልብስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢረዝም ወይም ቢያጥር ማንም ልብ አይለውም። እጅጌው እስከ እጅ አንጓ ሲወርድ ግን ያቺው ሁለት ሳንቲ ሜትር ልብሱ የራስ ነው ወይስ የሰው የሚለውን ትወስናለች። ጨርቁ ይጨምራል፣ ስፌቱ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ቡድን ተገቢው ምርጫ እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ለመስቀል ተሰልፎ የቆመ ተማሪ በእጀ ጉርድ ክንዱን አቅፎ ይንቀጠቀጣል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በሐምሌ ዝናብ ችግኝ ሊተክል ሲወጣ እጅጌው ከብርዱም ከእሾሁም ይከላከላል። በጥምቀት ታቦት የሚያጅቡ ወጣቶች ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው የቀትሩን ፀሐይ እዚያው ያሳልፋሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ሂጃብ የሚለብሱ ተማሪዎች ደግሞ እጀ ጉርድ ቢሰጣቸው ከሥሩ ሌላ ልብስ መደረብ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ዓይነት ለብሰዋል ማለት ያስቸግራል። ቡድኑ ውስጥ ክንዷን መሸፈን የምትፈልግ አንዲት ልጅ ብቻ ብትኖር እንኳ ለሁሉም እጀ ሙሉ ማሠራት ይሻላል እላለሁ። ለእሷ ብቻ የተለየ ማዘዝ እሷን ነጥሎ ማሳየት ነው።

ለአንድ ቀን ብቻ የሚለበስ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከተካሄደ ወዲህ ቲሸርቱ የከተማው መለያ ሆኗል፤ ወጣቱም ልብሱን በመቀስ እየቆረጠና እየቋጠረ በራሱ መንገድ ያሳምረዋል። ለእንዲህ ያለው ቀን ቀላልና ርካሽ እጀ ጉርድ ይበቃል። እጀ ሙሉ የሚታዘዘው ዓመቱን ሙሉ ለሚለበስ፣ ታጥቦ ተመልሶ ለሚመጣ ልብስ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሊለበስ ከሆነ ደግሞ ጨርቁን ማወቅ ያስፈልጋል። መርካቶ ጨርቅ ተራ ውስጥ «ንጹሕ ጥጥ ነው» የማይባል ጨርቅ የለም። ነጋዴው ሊያታልል ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ እሱም ከአስመጪው እንደ ሰማው ይናገራል። ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከጨርቁ ጠርዝ ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ በቂ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ብን ይላል። ፖሊስተር ግን ከእሳቱ እየሸሸ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይቀራል። ሁለቱ ተቀላቅለው ከሆነ ይነድዳል፤ አመዱ ውስጥ ግን ጣት የሚቆረቁር ነገር ይገኛል።

ቅልቅል መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም። ንጹሕ ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ለቆዳ ይስማማል፣ ለክፍል ውስጥም ይመቻል። ዝናብ ሲነካው ግን ውሃውን ይዞ ይከብዳል፣ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። በክረምት ችግኝ ለሚተክል ክበብ ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበትን እመርጣለሁ። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ላለ ትምህርት ቤት ደግሞ ሳሳ ያለ ጥጥ ፀሐዩን ይከላከላል፣ አየርም ያስገባል።

ቀጥሎ ክብደቱ ይታያል። የጨርቅ ክብደት የሚነገረው አንድ ሜትር ካሬው ስንት ግራም ይመዝናል በሚል ነው። ለእጀ ጉርድ ከ140 እስከ 160 ግራም የተለመደ ነው፤ ለእጀ ሙሉ ከ180 እስከ 220 ያለው ይሻላል። ከዚያ የሳሳ ከሆነ እጅጌው ቅርጹን አይይዝም፣ ክርኑ ላይም ቶሎ ይለጠጣል። ሻጩ የሚነግራችሁን ቁጥር በራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ከናሙናው ርዝመቱም ስፋቱም 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጣችሁ የምታውቁት ወርቅ ሠሪ ጋ አስመዝኑት። ቁራጩ የሜትር ካሬው መቶኛ እጅ ስለሆነ 1.8 ግራም ከመዘነ ጨርቁ 180 ነው። የወርቅ ሚዛን ለዚህ በቂ ነው፤ የኩሽና ሚዛን ግን አይሆንም።

እጀ ሙሉን ከሌላው የሚለየው ትልቁ አደጋ የውሃው ነው። ቀድሞ ያልታጠበ የጥጥ ሹራብ ጨርቅ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ከመቶ አምስት እጅ ያህል ሊኮማተር ይችላል። 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ አጭር እጅጌ ላይ ይህ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ እጅጌ ላይ ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዕደላው ቀን ልክ የነበረው ልብስ በሁለተኛው ሳምንት የእጅ አንጓን ያጋልጣል። ስለዚህ ናሙናው ላይ በማይለቅ ብዕር 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያላቸው ሁለት ነጥቦች አድርጋችሁ ቤት ውስጥ እንደ ተለመደው በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡት፣ አድርቁት፣ እንደገና ለኩት። 19 ሆኖ ካገኛችሁት እጅጌው በዚያው መጠን ረዝሞ እንዲቆረጥ ታስደርጋላችሁ፣ ወይም ጨርቁን ትቀይራላችሁ። በዚያው እጥበት ቀለሙ ይለቅ እንደ ሆነም ይታያል፤ ነጭ ጨርቅ አብሮ መዘፍዘፍ ነው።

ስለ እጅጌው ጫፍም ላንሣ፤ ብዙ አሠሪ ሳያየው የሚያልፈው ነገር ነውና። እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። ተማሪው በምሳ ሰዓት እጁን ይታጠባል፣ እናቶች በእድር ድንኳን ውስጥ ወጥ ያወጣሉ፣ እንጀራ ያነሣሉ። የእጅጌው ጫፍ ጠበቅ ብሎ እንዲሁ የታጠፈ ስፌት ከሆነ ወደ ክርን አይወጣም፤ በግድ ሲወጣ ክሩ ይበጠሳል፣ ሳይወጣ ሲቀር ወጥ ይነካዋል። የሚለጠጥ ባለ መስመር ሹራብ የተቀጠለበት ጫፍ ግን ሲገፉት ይወጣል፣ ሲለቁትም ይመለሳል፤ እጅጌው ትንሽ የረዘመበትንም ልጅ አንጓው ላይ ይይዝለታል። ዋጋ ለመቀነስ ሰፊው መጀመሪያ ሊያስቀረው የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው። እሺ አትበሉት፤ ከአርማው አንድ ቀለም ቀንሱ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚሉት ስያሜዎች ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ። መርካቶ ውስጥ ላርጅ የተባለ የቻይና ልብስና ላርጅ የተባለ የቱርክ ልብስ ደረታቸው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ደግሞ ከሁለቱም ሊሰፋ ይችላል። ይህ በተለይ ለቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ራስ ምታት ነው። ግማሹ አባል አዲስ አበባ፣ ግማሹ ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ፣ በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሚያዘጋጀው የበጋ ውድድር ላይ አብረው ሊለብሱት አገር ቤት ያሠራሉ፤ እዚያ ያለው «እኔ ሚዲየም ነኝ» ብሎ ይልካል፣ የሚደርሰው ግን ለታናሽ ወንድሙ የሚሆን ነው። ዝርዝሩ ላይ ፊደል አይጻፍ፤ ሳንቲ ሜትር ይጻፍ።

ሰውን ራሱን ከመለካት የሚስማማውን ልብስ መለካት ይቀላል። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ካለው ልብስ ደስ የሚለውን ያመጣል። ልብሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ደረቱ ከብብት እስከ ብብት ይለካል፣ ቁመቱ ትከሻው ላይ ከአንገቱ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ታች ይለካል። እጅጌው ብዙ ጊዜ የሚለካው ከትከሻው ስፌት ነው፤ ያ ግን ያሳስታል፤ ስፌቱ አንዱ ልብስ ላይ ትከሻ ጫፍ ይሆናል፣ ሌላው ላይ ክንድ ላይ ይወርዳል። ከማጅራቱ፣ ከኮሌታው ኋላ መሀል ተነሥቶ ትከሻውን አቋርጦ እስከ እጅጌው ጫፍ መለካት ይሻላል። ስፌቱ የትም ቢያርፍ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

በእድርና በማኅበር ውስጥ ይህ ሥራ ጨዋነት ይጠይቃል። በተሰበሰበ ሰው ፊት «እትዬ፣ የእርስዎ ስንት ኤክስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሰው ማሳፈር ነው፤ የተጠየቀችውም እውነተኛውን አትናገርም፣ አንድ ቁጥር ቀንሳ ትናገራለች፣ ከዚያም ልብሱ ይጠባታል። ጸሐፊዋ ለየብቻ ደውላ «እትዬ፣ የሚስማማዎትን አንድ ሹራብ ከልጅዎ ጋር ይላኩልኝ፣ ዛሬውኑ ለክቼ እመልስልዎታለሁ» ብትል ነገሩ ያለ ወሬ ያልቃል። ሴቶችን በሙሉ ወገቡ የጠበበ «የሴት ልክ» ማልበስም የተለመደ ስሕተት ነው። ያንን የምትፈልግ ትምረጥ፤ ለሌሎቹ ቀጥ ያለው ይሁን።

ለትምህርት ቤት የሚበጀው ሌላ መንገድ አለ። ሰፊው ከየልኩ አንድ አንድ ናሙና ይስጥ፣ ናሙናዎቹም ለጥቂት ቀናት በአንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ፤ ልጆቹ ተራ በተራ ይሞክሩ፣ አስተማሪዋም ከስሙ ጎን ትመዝግብ። ልጅ ያድጋል፤ በመስከረም ልክ የሆነ በሰኔ ያጥራል። ስለዚህ ለታዳጊዎች ከሚስማማቸው አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል። ለመጠባበቂያ የሚታዘዙት ጥቂት ልብሶችም ከትልልቆቹ ልኮች ይሁኑ። የሰፋውን የሰፈር ልብስ ሰፊ በግማሽ ሰዓት ያጠበዋል፤ የጠበበውን ማንም አያሰፋውም።

ዝርዝሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ መክፈል የማይችለው ሰው። ዋጋው ሲወሰን የእነሱን ድርሻ በሌሎቹ ላይ በትንሽ በትንሹ ማከፋፈል ይቻላል፤ 40 ሰው ለሁለት ሰው ልብስ ሲያዋጣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የአንዱ ልብስ ዋጋ ሃያኛ እጅ ነው። ይህንን የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ይሁን። «ያልከፈሉ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለማንም አይገባም፤ በተለይ ለተማሪ።

ስለ ኅትመቱ አሁን ማውራት ይቻላል። ስክሪን ፕሪንት የሚባለው በየአታሚው ቤት የምናየው ነው፤ ስስ መረብ የተወጠረበት ፍሬም ልብሱ ላይ ይቀመጣል፣ አታሚው ቀለሙን በላስቲክ መግፊያ ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ፍሬሙ ሲነሣ አርማው ልብሱ ላይ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ያስፈልገዋል። አራት ቀለም ያለው አርማ ከፊትም ከኋላም ከታተመ ስምንት ፍሬም ተዘጋጀ ማለት ነው። ይህ ወጪ ለ200 ሰው ሲካፈል አይሰማም፤ ለ20 ሰው ሲካፈል ከጨርቁ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አነስተኛ ቡድን አርማውን ወደ አንድ ቀለም ያውርድ፣ ወይም በዲቲኤፍ ያሳትም፤ በዚህኛው ሥዕሉ ልዩ ፊልም ላይ ታትሞ ሂት ፕሬስ በሚባል የሙቀት መጫኛ ልብሱ ላይ ይለጠፋል፣ የቀለም ብዛትም ዋጋውን አይለውጠውም። ሰብሊሜሽን ደግሞ ቀለሙን ወደ ክሩ ውስጥ ያሰርገዋል፣ አይላጥም፤ የሚይዘው ግን ፖሊስተርን ብቻ ነው፣ ልብሱም ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ መሆን አለበት። ጥልፍ ለደረት አርማ ያምራል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ሲሆን ግን ይከብዳል፣ ሳሳ ያለውንም ጨርቅ ይሸበሽባል።

ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ አርማ የሚፈልጉ ቡድኖች ይጠንቀቁ። የስክሪን ቀለም በደንብ እንዲይዝ እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሞቅ ይፈልጋል፤ በዚህ ሙቀት የፖሊስተሩ የራሱ ማቅለሚያ ወደ ትነት እየተለወጠ ወደ ነጩ ይገባል። አታሚው ቤት ነጭ የነበረው ጽሑፍ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሮዝ ይሆናል። ለዚህ የሚሆን የተለየ ቀለም አለ፤ አታሚው አለኝ ካለ በናሙና ያሳይ፣ ናሙናውም ሳምንት ይቆይና ይታይ።

እጅጌ ላይ ማሳተም የሚያምር ነገር ነው፤ ብዙ ክበቦች እጀ ሙሉን የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ቦታው ግን ጠባብ ነው፣ የልጅ እጅጌ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል፤ ለአዋቂ የተሠራው ጽሑፍ የልጁን ክንድ ዞሮ አይነበብም። ጽሑፉ ክርኑ ላይ ካረፈ በየመታጠፉ ይሰነጠቃል፣ ወደ አንጓው ከወረደም እጅጌው ሲሰበሰብ ይደበቃል። ከትከሻው በታች፣ ከክርኑ በላይ ያለው ቦታ ይበቃል።

ፊደላችንም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በ እና ቡ፣ ቀ እና ቂ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው፤ ስስ ፊደል በወፍራም ቀለም ሲታተም ያቺ ጭረት ትዋጣለች፣ በጥልፍ ሲሆን ደግሞ የ«ው» እና የ«ዕ» ቀዳዳ ይደፈናል። ጠንከርና ሰፋ ያለ ፊደል ይመረጥ፤ ጥልፍ ከሆነ ቁመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይነስ። ዲዛይነሩ ፋይሉን ሲልክ ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ለውጦ ይላክ፤ አለዚያ አታሚው ኮምፒዩተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ በባዶ ሳጥኖች ይተካል። ተመራቂ ክፍሎች የሁሉንም ስም ጀርባ ላይ የማሳተም ልማድ አላቸው፤ እዚያ ላይ ኃይሌን በ«ሃ» መጻፍ ወይም አንድን ስም መዝለል ቀላል በደል አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በእጁ ጽፎ ይፈርም፣ የመጨረሻው ዲዛይንም ከዚያ ወረቀት ጋር በሁለት ሰው ይመሳከር። ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ቀድሞ ይወሰን።

ከአታሚውና ከሰፊው ጋር የሚደረገው ውል አንድ ገጽ ይበቃዋል። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ የጨርቁ ክብደት፣ የየልኩ ብዛትና መለኪያ፣ የርክክቡ ቀን፣ ጉድለት ያለበት ልብስ በማን ወጪ እንደሚተካ ይጻፍበታል። ከወረቀቱ ይልቅ ግን የሚያስተማምነው ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ናሙና ልብስ ነው፤ ቡድኑ ጋ ይቀመጥ። ጨርቁ በሙሉ በአንድ ጊዜ የተነከረ መሆኑን አስረግጡ፤ ሌላ ጊዜ የተነከረው ጥቅል ስሙ ያው ሰማያዊ ቢሆንም ቀን ብርሃን ላይ ሲወጣ ይለያል። ርክክቡ ከዝግጅቱ ቢያንስ አሥር ቀን ይቅደም። ከአዲስ ዓመት በፊት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በሰኔ ምርቃት ላይ አታሚ ቤቶች ይጨናነቃሉ፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ልብሱ አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ከየልኩም ጥቂቱ በሜትር ተለክቶ ሲያልቅ ነው።

ሲታደል እያንዳንዱ ልብስ የባለቤቱ ስም በተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጥ፤ ክምር ላይ ሻሞ ሲሆን ትልልቆቹን ጉልበተኛው ይወስዳል። አጠባበቁን በቃል ንገሯቸው፤ ልብሱ ተገልብጦ ይታጠባል፣ በረኪና አይነካውም፣ ካውያ ኅትመቱ ላይ አያርፍም፣ ሲሰጣም ውስጡ ወደ ፀሐይ ይሆናል። የስም ዝርዝሩን፣ የጨርቁን ቁራጭና የአርማውን ፋይል ጸሐፊዋ በአንድ ፖስታ ታስቀምጥ፤ በመስከረም አዲስ አባላት ሲመጡ የሚታዘዘው ከዚያ ላይ ታይቶ ነው።